ሳይርብ «በሞቴ ብላ» ሲባል፦ ድሬና ሐረር ላይ እንዴት ይወጣል?

ለገሃሬ (ክር ከፋች)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ክብደት መቀነስ የሚያወራ ክር እዚህ ሞልቷል፤ ይሄኛው ስለ እሱ አይደለም። ጥያቄዬ ጠበብ ይላል፦ ሰው ሆዱ ሳይጠይቀው የሚበላው መቼ መቼ ነው፣ ከዚያስ ጋባዡን ሳያስቀይም እንዴት ይወጣል? የዘመድ ቤት አለ፣ የቢሮ «እንብላ» አለ፣ 6 ሰዓት ሆነ ተብሎ የሚቀርብ ምሳ አለ፣ ተርፎ እንዳይበላሽ ተብሎ የሚጨረስ አለ። «ራስህን ግዛ» የሚል መልስ አትጻፉልኝ። ምን እንደሚባል፣ በየትኛው ደቂቃ እንደሚባል፣ እጅ የት እንደሚውል የሚያውቅ ይጻፍ።

የድግስ እጅ

ከአቅራቢው ወገን ሆኜ ልናገር። እንግዳ የሚሳሳተው በሚናገረው ሳይሆን በሚናገርበት ሰዓት ነው። ማስታጠቢያው ቀርቦ እጅህን ከዘረጋህ በኋላ «አልበላም» ማለት የለም፤ ታጥበሃል፣ ተቆጥረሃል፣ እንጀራም በስምህ ተዘርግቷል። የምትተወው ከሆነ ወጡ ከመሞቁ በፊት፣ ገና ጫማህን ስታወልቅ ተናገር። ያኔ ባለቤቲቱ ምንም አላወጣችም፣ አትቀየምም።

ሁለተኛ፣ ባዶ እምቢታ አትስጥ። «ምግቡን ተይው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ስጪኝ፣ ሙቀቱ ገደለኝ» ካልካት የምትሠራው ነገር አገኘች። ጋባዥ የሚጨንቀው እንግዳው ምንም ሳይቀምስ መውጣቱ ነው። ውሃ፣ ሻይ፣ አንድ ፍሬ ሙዝ፣ ከእነዚህ አንዱን ራስህ ጠይቅ። ራስህ የጠየቅከው ነገር ተለምነህ ከምትቀበለው ይበልጥ ያስደስታል።

ገበታው ላይ ከቀረብክ ደግሞ ይህን እወቅ፦ ጭልፋ የያዘው ሰው አፍህን አይመለከትም፣ ከፊትህ ያለውን እንጀራ ነው የሚያየው። በአንተ በኩል ያለው ቦታ ከጸዳ ይጨመራል፣ ሌላ መለኪያ የለውም። ስለዚህ ወጡን አጥርገህ አትብላ፤ ከፊትህ ሁልጊዜ የተወሰነ ይኑር። እንጀራውን ከዳር በትንሹ ቁረስ። ቀስ ብሎ የሚበላ ሰው፣ በተለይ ሽማግሌ፣ አጠገብ ተቀመጥ፤ ፈጣን በላተኛ አጠገብ የተቀመጠ ሳያውቀው ይከተላል። ስታቆምም የመጀመሪያው አትሁን፣ የገበታው ዓይን ሁሉ ይዞርብሃል። የመጨረሻውም አትሁን፣ «ይሄን ጨርሰው» የሚባለው ለመጨረሻው ነው። ሁለት ሰው እጁን ከሰበሰበ በኋላ ሦስተኛ ሆነህ ስታቆም ማንም ልብ አይልህም።

ቡፌ ላይ ያለው ሌላ ነው። ሳህንህ ባዶ ከመሰለ «ምነው፣ አልጣመህም?» ይመጣል። ግማሹን በሰላጣና በጎመን ሙላው፣ አንድ ዓይነት ወጥ ብቻ አድርግ፣ እንጀራ ግማሽ ጥቅል። ከሩቅ ሲታይ ሙሉ ሳህን ነው።

ቀፊራ ሰፈር

@የድግስ እጅ «ሦስተኛ ሆነህ አቁም» 😂 አቦ ይሄ የጦር ስልት ነው። ጉርሻውንስ? ጉርሻ ያዘለ እጅ አፍህ ደጃፍ ላይ ሲቆም ምን ይባላል?

የድግስ እጅ

የመጀመሪያውን ጉረስ፣ አትከራከር። ሁለተኛው ሳይመጣ ቅደመውና አንተ አጉርስ። አጉራሽ የሆነ ሰው ለጊዜው ተጎራሽ መሆኑ ይቀራል፤ ያጎረስከው ሰው አፉ ሞልቶ እያኘከ ሁለተኛ አይጠቀልልልህም። ትንሽ አድርገህ ጠቅልል፣ የምትሰጠው መጠን ተመልሶ የሚመጣልህ ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል የሚል ከተነሳ «የኔን አንድ ከአንተ አንድ ጋር ደምረው፣ ሁለት ሆነ» በለው።

ጁገል ውስጥ

ሐረር ላይ፣ በተለይ ሙስሊም ቤት፣ የሚሠራውን ልጨምር። ሶሒሕ ሙስሊም በሚባለው የሐዲስ ስብስብ ውስጥ ያለ ግልጽ ነገር አለ፦ የተጠራ ሰው ይሂድ፤ ከፈለገ ይብላ፣ ካልፈለገ ይተው። ግዴታው መገኘቱ ላይ ነው። ይህን የሚያውቅ የቤቱ ሽማግሌ አያስገድድም፤ ሲያስገድዱ ካየህም በቀስታ ልታስታውስ ትችላለህ፣ ግን ለታላቅህ አንተ ሐዲስ አትጥቀስለት፣ አብሮህ ያለ ትልቅ ሰው ይበለው።

ቤቱ ገብተህ ነደባው (የሐረሪ ቤት መቀመጫ መደብ) ላይ ከተቀመጥክ «ቢስሚላህ» ሲባል እጅህን ሰደድ አድርግና አንዴ ቅመስ። ከዚያ በሰከነ ድምፅ «አልሐምዱሊላህ» በል፣ እጅህን ሰብስብ፣ ወደኋላ ደገፍ በል። ይህ የሚታወቅ ምልክት ነው፣ ከ«ጠግቤያለሁ» ይበልጥ ይከበራል። ወደ ገበታው ካዘነበልክ ግን ምላስህ ምንም ቢል ሰውነትህ «ጨምሩልኝ» እያለ ነው።

አንድ ነገር አታድርጉ፦ ሳትጾሙ «ጾመኛ ነኝ» አትበሉ። ሰኞና ሐሙስ የሚጾም ብዙ ነው፣ ሰዉ ቀኑን ያውቃል። ጁገል (የሐረር ግንብ) ውስጥ ደግሞ ሁሉም የሁሉ ጎረቤት ነው፤ ያው ሰውዬ ከአንድ ሰዓት በኋላ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ሻይ ሲጠጣ መታየቱ አይቀርም። ከዚያ በኋላ እውነት ስትጾምም የሚያምንህ የለም።

ሸዋል ዒድ ላይ ደግሞ ችግሩ ይባዛል። ከረመዳን በኋላ ስድስቱ ቀን ተጹሞ ከተማው ሲወጣ፣ በ2023 ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ ደግሞ እንግዳው በዝቷል፣ በአንድ ቀን አራት አምስት ቤት ትገባለህ። ደንቡ ይህ ነው፦ አንድ ቤት ምግብ፣ ሌላው ቤት ሖጃ (ከቡና የሚፈላ የሐረሪ መጠጥ) ወይም ሻይ። አስቀድመህ «ዛሬ ምሳዬ የአክስቴ ቤት ነው» ካልክ ማንም አይጫንህም፤ የሌላ ሰው ሐቅ ነውና። ይህ ሰበብ እውነት መሆን አለበት፣ አክስትህን ያውቋታል።

ሲስተር ሳቢያን

ሥነ ሥርዓቱን ጨረሳችሁት፣ እኔ ወደ ሆድ ልመለስ።

«6 ሰዓት ሲሆን ይርበኛል» የሚል ሰው አይዋሽም። ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን ሰው በለመደው የምግብ ሰዓት ግድም ከፍ ይላል፣ ባይበላ ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ የሰዓት ረሃብ ማዕበል ነው፣ ሲመጣም ሲሄድም አለ። ለመለየት ቀላል ፈተና፦ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፣ «ወጥ የሌለበት ደረቅ እንጀራ ቢሰጠኝ እበላለሁ?» መልሱ አዎ ከሆነ እውነተኛ ረሃብ ነው፣ ብሉ። «ደረቅ እንጀራስ አልበላም፣ ፈጢራ ቢሆን ግን...» ከሆነ ያ አምሮት ነው። ድሬ ላይ በግንቦትና በሰኔ ውሃው ለማንኛውም ያስፈልጋችኋል።

የጥጋብ ምልክትም ይዘገያል፣ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በ7 ደቂቃ ውስጥ ምሳውን የጨረሰ ሰው ያቆመው ስለጠገበ ሳይሆን ሳህኑ ስላለቀ ነው።

የድሬን ሙቀት ልብ በሉ። ቀትር ላይ ሱቁ ሁሉ በሩን ገርበብ ሲያደርግ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል፤ ያኔ በግድ የተበላ ከባድ ምሳ ከሰዓቱን ያንገላታል። ሙሉ በሙሉ መዝለል ግን ማታ 3 ሰዓት ላይ እጥፍ ያስበላል፣ ከዚያ መተኛት ነው፣ ከዚያ ቃር ነው። መሃሉ የተሻለ ነው፦ ቀትር ላይ ሩብ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ 10 ሰዓት ላይ ፍራፍሬ፣ ማታ ቀለል ያለ። ምሳን በ1 ሰዓት ማዘግየት ከፈለጋችሁ በአንድ ቀን አትዝለሉት፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ 15 ደቂቃ ግፉት፤ ሰውነት ይከተላል።

ሸዋ በር

ሲስተር አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ፦ ስኳር ያለበት ሰው ሳይርበው ይብላ ወይስ ይተው? ቤት ውስጥ ሁለት ወገን ሆኖ ይከራከራል።

ሲስተር ሳቢያን

መድኃኒቱን ሳይነግሩ መልስ የለም። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው አንድ ምግብ ቢያዘገይ ብቻውን ስኳሩ ብዙም አይወርድም። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር እንክብል የሚውጥ ግን ሌላ ነው። የተቀላቀለውን ኢንሱሊን ተወግቶ፣ ከዚያ «አልራበኝም» ብሎ መተው አደጋ ነው፤ መርፌው ምግቡን ጠብቆ አይሠራም። ስለዚህ ለእሱ ረሃብ መለኪያ አይሆንም፣ ሰዓቱ ነው መለኪያው። የሚቀንስ ከሆነ ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር፣ ምግቡንም መጠኑንም አብረው ያስተካክሉ።

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንግርግር ካለው ይለካ፤ ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነ 15 ግራም ስኳር ነው፦ 4 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ በውሃ በጥብጦ ወይም 150 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ግማሽ ጠርሙስ፣ ተራ ለስላሳ። ስኳር አልባው አይሠራም። 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ይለካ፤ ካልወጣ ይድገም፣ ከወጣ ምግብ ይብላ። መለኪያ ከሌለ ምልክቱን ካየ አይጠብቅ። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፣ ሆስፒታል።

በሌላ በኩል ደግሞ ጣፋጭ የሚጫንበት ስኳርተኛ አለ። እሱ ዙሪያ ጥምጥም አይሂድ፣ «ስኳር አለብኝ» ብሎ በግልጽ ይናገር፤ ይህ የሚከበር ምክንያት ነው። ወጥመዱ ቀጥሎ ይመጣል፦ «እንግዲያስ ማር ብላ፣ ቴምር ብላ፣ ተፈጥሮ ነው» ይባላል። ማርም ቴምርም ስኳርን ያወጣሉ። ሙሸበክ ወይም ሐላዋ ከቀረበ ጥፍር የምታህል ቆርሶ ሳህኑን ወደ ጎረቤቱ ያስተላልፍ። የሚተላለፍ ሳህን እጅ ላይ አይቆይም።

ቀፊራ ሰፈር

አቦ ትልቁን ጉዳይ ዘለላችሁት፦ በርጫ፣ ተሰብስቦ ጫት መቃም! ድሬ ላይ ሳይርብ የሚበላ ምሳ ዋናው ምክንያቱ እሱ ነው። «ጫት በባዶ ሆድ አይቃምም» ይባልና 7 ሰዓት ላይ ያልፈለግከው ጥብስ ይደረደራል። ከዚያ ቅሞ እስከ ማታ ሆድ ዝም ይላል። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ድስት ይከፈታል። ጨብሲ (ምርቃናውን በመጠጥ መስበር) የሚጨምር ካለ የባሰ ነው፣ ቢራውም ምግቡም አብሮ ይገባል።

አሁን አቀማመጡን ተመልከቱ። ከፊትህ ለውዝ አለ፣ ሻይ በፔርሙዝ አለ፣ ለስላሳ አለ። ጫቱ አፍ ያደርቃል፣ ይመራል፤ ስለዚህ ጣፋጭ ትጠጣለህ። አንዱ የ300 ሚሊ ሊትር ኮላ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፣ 8 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በአንድ በርጫ ሦስት ከጠጣህ ሳትበላ በልተሃል። ለውዙም ቢሆን እፍኝ ሲባል ወደ 30 ግራም ነው፣ እሱም ወደ 170 ካሎሪ ይሄዳል፤ የባቢሌ ለውዝ በመሆኑ ደግሞ አንድ እፍኝ ላይ የሚቆም የለም።

የሚሠራው ይሄ ነው፦ የራስህን ውሃ 2 ሊትር ይዘህ ግባ፣ ከጎንህ አቁመው። ለስላሳ ካዘዙልህ አንዱን ያዝ፣ በውሃ እያፈራረቅክ እስከ ማብቂያው አድርሰው፤ ብርጭቆህ ግማሽ እስከሆነ ሌላ አይከፈትልህም። ለውዙን ከነቅርፊቱ ግዛ። እየፈለፈልክ ስትበላ እጅ ይዘገያል፣ ቅርፊቱ ፊት ለፊትህ ሲቆለልም የበላኸውን ታየዋለህ።

ሲስተር ሳቢያን

@ቀፊራ ሰፈር መቃሙን እንደማልመክር ታውቃለህ፣ ለሚቅመው ግን ጥሩ ጽፈሃል። አንድ እርማት፦ «በባዶ ሆድ አይቃምም» የሚለው ለጨጓራ ትክክል ነው፤ ከዚያ ግን ጮማ መሆን አለበት የሚለው አይከተልም። ሳህን ፉል በዳቦ ወይም ግማሽ እንጀራ በአተር ክክ ይበቃል። ቅባት ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ጫት ደግሞ አንጀትን ያዘገያል፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚመጣው የሆድ ድርቀት ነው። የሌሊቱን ድስት ለመከላከል ደግሞ እራትን ምርቃናው ሳይወርድ አዘጋጅ፣ 2 ሰዓት ላይ ፍላጎት ባይኖርም ሾርባ ጠጣ። እዚህ ላይ ብቻ ሳይርብ መብላት ይጠቅማል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ በርጫ ላይ ሰዓቱን ይረሳል፣ ስልኩ ላይ ደወል ይሙላ።

ከዚራ ጥላ

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሁሉ ማስመሰል ለምን አስፈለገ? «አልራበኝም» ብሎ መናገር ነው። የሚቀየም ይቀየም።

የድግስ እጅ

@ከዚራ ጥላ ለእህትህ ወይም ለሚስትህ በለው፣ ይሠራል። ቤት ውስጥ ደግሞ መባል ያለበት እንደሱ ነው፤ በየቀኑ በዘዴ የሚኖር የለም። ምግብ ሳይሠራ፣ ጠዋት፣ «ዛሬ ለምሳ ለእኔ ሩብ ብቻ» በላት። ሰው ቤት ግን «አልራበኝም» ማለት ሰሚው ጆሮ ውስጥ «ምግብሽ ንጹሕ አይደለም» ወይም «ቂም ይዣለሁ» ሆኖ ሊገባ ይችላል። በተለይ ተጣልተው የታረቁ ሰዎች ከሆኑ፦ እዚያ አንዲት ጉርሻ አለመቅመስ ዕርቁን ማፍረስ ነው። እዚያ ቅመስ።

ለነገሩ ግብዣ ሁሉ ግብዣ አይደለም። ቢሮ ውስጥ ምሳ ዕቃ የከፈተ ሰው «እንብላ» ሲል ሰላምታ ነው፣ «ይባረክ፣ ብሉ» ብሎ ማለፍ ይበቃል። ሁለተኛው «ኧረ ና» መፈተኛ ነው። ወንበር ስቦ ወይም ክንድህን ይዞ ሦስተኛ ካለህ የእውነት ነው፣ ያኔ ነው ማሰብ ያለብህ። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ተቀምጦ የሰው ምሳ እየተካፈለ «ጫና በዛብኝ» ይላል።

ጁገል ውስጥ

ትክክል። የኢፍጣርም ነገር አለ። አንድ ወይም ሦስት ቴምር፣ ውሃ፣ ትንሽ ሾርባ፣ ከዚያ መግሪብ ስገዱ። ከሶላት በኋላ ስትመለሱ ሲስተር ያለችው 20 ደቂቃ ግማሹ ሄዷል። ሳምቡሳውን ከሶላት በፊት የሚያስጨርስ ቤት ነው ችግር የሚፈጥረው፤ ሳምቡሳው ከሶላት በኋላ ይቅረብ፣ ግማሹ ይተርፋል። ሱሑር ደግሞ ሱንና ነው፣ ያልራበው በውሃም ቢሆን ያድርገው፤ «ቀኑን ለመቻል» ተብሎ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሆድ ማስጨነቅ ግዴታ የለውም።

ለገሃሬ

በጣም ጥሩ እየሄደ ነው። የተረፈ ምግብ ላይ የሚጽፍ አለ? «ጣለው ከምል ሆዴ ይቻለው» የሚለው።

የድግስ እጅ

ከመብላቱ በፊት ነው የሚፈታው። ምግቡ ከምድጃ ሲወርድ የነገውን ድርሻ መጀመሪያ ጨልፊና ለብቻው ክደኚ፣ ከዚያ ቀሪውን አቅርቢ። ገበታ ላይ እጅ የገባበት ትርፍ አይቀመጥም፤ ያልተነካው ግን ይቀመጣል። ድሬ ላይ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ የበሰለ ምግብ ውጭ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሐረር ብርዱ ሲኖር 2 ሰዓት። ትልቅ ድስት እንዳለ ፍሪጅ አይገባም፣ መሃሉ ሳይበርድ ይቆያል፤ በጥልቀት ከሦስት ጣት ባልበለጠ ዕቃ ከፋፍለሽ አስገቢ። መብራት ከጠፋ የፍሪጁን በር አትክፈቺ፤ ከተዘጋ ወደ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

እንጀራ ደግሞ ሰበብ አይሆንም። ወጥ ያልነካውን ቆራርጠሽ ንጹሕ ጨርቅ ላይ በትኚ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ነጠላ ሸፍኚ። በድሬ ፀሐይ ቶሎ ድርቆሽ ይሆናል። ሲታጠፍ «ቀጭ» ብሎ ካልተሰበረ ውስጡ እርጥብ ነው፣ አታሽጊው፣ ይሻግታል።

ሸዋ በር

ልጆችስ? «ጨርስ» ማለት ትክክል ነው?

ሲስተር ሳቢያን

ወላጅ ምን እና መቼ እንደሚቀርብ ይወስን፣ ስንት እንደሚበላ ልጁ ይወስን። በየመሃሉ ብስኩትና ጁስ ከተሰጠው ምሳ ላይ አለመብላቱ አይግረማችሁ፤ ከምግብ በፊት 2 ሰዓት ውሃ ብቻ ይሁን። ግን ልጁ እየከሳ ከሆነ ይህ ምክር አይሠራም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጤና ጣቢያ ይታይ፣ ከ11.5 በታች ከሆነ ዛሬውኑ። አራስም እንደዚያው ናት፤ የምታጠባ እናት በቀን ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ያስፈልጋታል፣ አልራበኝም ብትልም ትንሽ ትንሽ እየተደረገ ይቅረብላት። የምትጠግብበት ነገር ቅቤ የሚዋኝበት ገንፎ ብቻ መሆን ግን የለበትም።

ከዚራ ጥላ

እሺ ተረታሁ። አንድ የቀረኝ የሻይ ነገር ነው፤ በየደረስኩበት ሳልጠይቅ ሦስት ማንኪያ ስኳር ነው።

ቀፊራ ሰፈር

በፔርሙዝ የሚመጣው አስቀድሞ ስለጣፈጠ የሚቀነስ የለውም፣ ትንሽ አስቀድተህ በባዶ ሙቅ ውሃ አስሙላው። ሻይ ቤት ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ስኳሩ ብርጭቆው ስር ተኝቶ ነው የሚቀዳልህ። ማንኪያውን አውጥተህ ሰሃኑ ላይ አስቀምጥ፣ አታማስለው። የላይኛውን ሁለት ሦስተኛ ጠጣ፣ ስሩን ተወው። ካዘዝክ ደግሞ ገና ስትቀመጥ «ያለ ስኳር፣ ቀረፋ በዛ አድርገህ» በለው፤ ብርጭቆው ከተደረደረ በኋላ ካልከው አስተናጋጁ ረስቶት ሌላውን ያመጣልሃል።